ያልተቋጠረው ሌይ

ኖሄአ ካሄሌ እጇ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። በሞሎካይ ደሴት ምሥራቃዊ ዳርቻ ሰው ሲወለድ፣ ሲመረቅ፣ ሲያገባ፣ ሲሞትም አንገቱ ላይ የሚውለው የአበባ ጉንጉን፣ ሌይ የሚሉት፣ አብዛኛው ከእሷ እጅ የወጣ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ረጅሙን መርፌዋን ይዛ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣለች። ተቀምጣለች ይባል እንጂ መቀመጥስ መች ታውቅበታለች! አሥር አበባ ትሰካና ትነሳለች፣ ድስት ከፍታ ታያለች፣ ዶሮ ታባርራለች፣ ተመልሳ አሥር ትሰካለች። እህቷ ኤማሊያ «አንቺ ሴትዮ፣ መቀመጫሽ ላይ እሾህ አለ እንዴ?» እያለቻት ነው ስድሳ ዓመት የሞላት።

ያን የሰኔ ቅዳሜ ግን ከወትሮው የባሰ ሆነ። ገና ጎህ ሲቀድ ወጥታ በባሕሩ ዳር ያሉትን የኢሊማ ቁጥቋጦዎች እየዞረች ትለቅም ነበር። ኢሊማ እንደ ሌላው አበባ አይደለም። ብርቱካንማ ነው፣ ከወረቀት የሳሳ። ጠዋት ይፈነዳል፣ ማታ ይሟሽሻል፣ በማግሥቱ አበባ ነበር ብሎ የሚምልለት የለም። ጣት ትንሽ ጫን ካለው ይጠቁራል። አንድ ሌይ ብቻ አምስት መቶውን ይበላል፤ ስለዚህ ሰካኪዎቹ ሁሉ ይሸሹታል። ኖሄአም ለማንም አትሠራውም። ያን ቀን የምትለቅመው ለልጇ ለሂዋ ነው።

እዚያ አገር ሳይጠይቁ አበባ መቅጠፍ ነውር ነው፤ «ልቅጠፍሽ ወይ?» ይባላል። ኖሄአ ግን ያን ጠዋት የጠየቀችው ሌላ ነገር ነበር። «ይቅር ትለኝ ይሆን?» አለች ጎንበስ ብላ ለቁጥቋጦው። አበባ ምን ይመልሳል! ለቅማ ስትጨርስ ወገቧን ይዛ ቀና አለችና ወደ ቤቷ እየሮጠች ሄደች።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ከሥሩ ይነገር። ሂዋ የኖሄአ አንድ ሴት ልጅ ናት። ከባሏ ጋር ሆኖሉሉ ትኖራለች። በአውሮፕላን ግማሽ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው፤ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ የእናቷን ደጅ አልረገጠችም። አሁንም የምትመጣው ለእናቷ ብላ አይደለም። የወንድሟ የናይኖአ ልጅ ነገ አንድ ዓመት ይሞላዋል፤ እዚያ ደግሞ የልጅ አንደኛ ዓመት ከሠርግ ይበልጣል። አሳማው ጉድጓድ ገብቶ ይበስላል፣ የዳርቻው ሰው ከነአማቹ ይሰበሰባል፣ ቀረሁ ብሎ ነገር የለም።

ከሦስት ዓመት በፊት ሂዋ ለአባቷ ሙት ዓመት መጥታ ስትመለስ፣ ኖሄአ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ሸኘቻት። እንደ ወጉም ሌይ አጠለቀችላት፤ ድርብ፣ ወፍራም፣ ጫፍና ጫፉ ጥብቅ ተደርጎ የተቋጠረ። ሂዋ ያኔ የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ለማንም አልተናገረችም። ለነፍሰ ጡር ደግሞ የተቋጠረ ሌይ አይሰጥም። ክፍቱን እንደ ነጠላ ትከሻዋ ላይ ጣል ያደርጉላታል እንጂ ክብ ሆኖ አንገቷ ውስጥ አይገባም፤ ከገባ እትብቱ ሕፃኑን ያንቀዋል ይላሉ። ይህን የማያውቅ የዚያ አገር ሰው የለም።

በአሥረኛው ቀን ጽንሱ ወረደ። ሐኪሙ «እንዲህ ያለ ነገር ይደርሳል፣ የማንም ጥፋት አይደለም» አላት። ሂዋ ግን ስልኩን አነሳችና ለእናቷ «አንቺ ነሽ አንገቴ ላይ የቋጠርሽው!» አለቻት። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ከዚያ ወዲህ በበዓል በበዓሉ «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ» ብቻ ሆነ።

መንደሩ የወቀሰው ሂዋን ነው። «ካልነገረቻት በምን ትወቅ? ጠንቋይ ናት እንዴ?» አለ። ኖሄአ ዝም አለች። ለምን ዝም እንዳለች ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ግን እሷ ራሷ ሌይ አታጠልቅም። የተሰጠውን ሌይ እምቢ ማለት አይቻልምና ትቀበላለች፣ ሰጪውን ጉንጩን ትስማለች፤ ቤቷ ስትገባ ግን አውልቃ የሟች ባሏ ፎቶ ላይ ትሰቅለዋለች። የሰውዬው ፊት ከአበባው ብዛት የማይታይበት ሳምንት አለ።

እንግዲህ ባለፈው ረቡዕ ሂዋ ደወለች።

«ቅዳሜ በሰባት ሰዓቱ አውሮፕላን እመጣለሁ።»

«እሰይ! እሰይ ልጄ!»

«ጥሬ ማንጎ አለ?»

«ሞልቷል። ምነው?»

«እንዲሁ ነው፣ አማረኝ።»

«ሂዋ፣ አንቺ…»

«እማ፣ ተይ። ደግሞ ሌይ ምናምን ብለሽ እንዳትለፊ። አያስፈልግም።»

ለኖሄአ ካሄሌ ሌይ አያስፈልግም! ለዓሣ አጥማጅ ባሕር አያስፈልግህም እንደ ማለት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ይህችኑ ቃል ስታላምጥ ከረመች። አያስፈልግም ያለችው ቂሟን ይዛ ነው? ወይስ አርግዛ፣ ፈርታ? ካረገዘችና የተቋጠረ ካጠለቀችላት፣ በስመ አብ! ካላረገዘችና ክፍት ከሰጠቻት ደግሞ በሰው ፊት ቁስሏን መጓጎጥ ነው። ምንም ሳትሰጣት ብትቀርስ? ሦስት ዓመት ጠፍታ የመጣች ልጅ! እንኳን ልጅ፣ ቱሪስት እንኳ እዚያ አገር ባዶ አንገቱን አይገባም።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እህትማማቾቹ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ኤማሊያ ለነገው ድግስ የሚሆነውን የፕሉሜሪያ አበባ ሌይ እየጨረሰች ነው፤ አሥራ አራት ሆኗል፣ ሁሉም ተቋጥሮ ሳጥን ውስጥ ገብቷል። ኖሄአ ኢሊማውን ትሰካለች። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ ኤማሊያ ወፍራም፣ ዝግተኛ፣ አፏ ብቻ የሚፈጥን ሴት ናት።

«ክፍት ነው የማደርገው» አለች ኖሄአ።

«አድርጊዋ! ለአገር አውጂው! አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ የሚቆሙት ሴቶች ሌዩን አይተው ዓይናቸው ወዴት የሚወርድ ይመስልሻል? ሆዷ ላይ! ሻንጣዋ ሳይወርድ ወሬው ካውናካካይ ገበያ ገብቶ ሩዝ ገዝቶ ይመለሳል።»

«ታዲያ ልቋጥረው?»

«እሱን ማን አለሽ?»

«እና ምን ላድርግ ነው የምትዪኝ?»

«ጠይቂያታ! አፍ የለሽም?»

«ጠየቅኋት፤ ‹እማ፣ ተይ› አለችኝ።»

«እንግዲያው ተዪያ!»

«እንዴት ነው የምተወው! አንቺ ልጅ ስላልወለድሽ…»

«ጀመረች! ጀመረች ደግሞ! እኔ አልወለድኩም፣ ያንቺን አፍንጫ የጠረግኩት ግን እኔ ነኝ!»

እንዲህ ሲነታረኩ ቆዩ። ኖሄአ ዓይኗ እህቷ ላይ ነው፣ እጇ ሥራውን ቀጥሏል። የመጨረሻውን አበባ ገፋች፣ መርፌውን አወጣች፣ ክሩን ሳበች።

ኤማሊያ ድንገት ንግግሯን አቆመች። «ኖሄአ…»

«ምን?»

«እጅሽን እይው።»

ኖሄአ ዝቅ ብላ አየች። ሌዩ ጭኗ ላይ ክብ ሆኖ ተኝቷል። ቋጥራዋለች፤ ያውም በሦስት ቋጠሮ። አርባ ዓመት የለመደ እጅ ማን ይጠይቃል፣ ማንን ያስፈቅዳል! ክር ባለቀ ቁጥር ጫፍና ጫፍ አገናኝቶ መቋጠር ነው የሚያውቀው።

«በመቀስ በጥሺዋ፣ ምን ያደርቅሻል?» አለች ኤማሊያ።

«አንዴ ተቋጥሯል! ስሟን በሆዴ እየጠራሁ ነው የቋጠርኩት! ይህን በጥሼ እሷ ላይ ላደርግ? ሞቼ ነው!»

«አበባ ነው መሐላ?»

«ላንቺ አበባ ነው።»

ሐኪሙ የተናገረውን ኖሄአ አጥታው አይደለም። አበባ ልጅ አይገድልም፤ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ፣ ጋዜጣ የምታነብ ሴት ናት። ግን አንዴ የተነካ ሰው ማወቁ ምን ይጠቅመዋል? እባብ ያየ በልጥ በረየ። ብድግ ብላ ገባችና ኢሊማውን እንደተቋጠረ ባሏ ፎቶ ላይ አንጠለጠለችው። «እንካ» አለችው፣ «አንተ እንኳ አታረግዝም።» ከዚያ ባዶ ቅርጫት አንስታ ኮረኮንቹን መንገድ በነጠላ ጫማ እየተንሸራተተች ወደ ቶሺ ቤት ሮጠች።

ቶሺ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ወጣትነታቸውን አናናስ እርሻ ላይ ጨርሰው፣ አሁን ከአጥራቸው ጋር እያወሩ ይኖራሉ። ያ አጥር ከዳር እስከ ዳር ኢሊማ ነው። ኖሄአ ትናንትም ለድግሱ ቅጠል ከዚሁ ግቢ ለቅማ ሄዳለች።

«የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ!» አሉ ገና ከሩቅ ሲያዩዋት።

«አጎቴ ቶሺ፣ ኢሊማ ይስጡኝ። ያለውን በሙሉ።»

«በሙሉ? አጥሩንም ነቅዬ ልሸክምልሽ?»

«አይቀልዱብኝ፣ ይዤው ነበር፣ ሠርቼው ነበር፣ እጄ ቋጠረብኝ! ሂዋ ልትመጣ ነው!»

ሽማግሌው ቀልዳቸውን ተዉት። ሂዋን ከድንጋይ ላይ መንጠቆ መጣል ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ምንም ሳይጠይቁ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ገለበጡት፣ ይለቅሙበት ጀመር። ረፍዶ የሚለቀሙ አበቦች ናቸውና ፀሐይ ገና ያልደረሰበትን ጥግ እየመረጡ ነው።

«ሚስቴ ስድስቱንም ልጆች ስታረግዝ» አሉ ጥቂት ቆይተው፣ «እዚህ አጥር ሥር ቆማ ይሄን አበባ እንደ ቆሎ ነበር የምትቆረጥመው። ሕፃኑን ያንሸራትታል፣ ምጥ ያቀላል ብላ ያስተማረቻት እናትሽ ናት።»

«እኔም ሂዋን ሳረግዝ በልቼዋለሁ።»

«ለዚያ ነው ልጅቷ አልጨበጥ ያለችሽ» አሉና ብቻቸውን ሳቁ።

ሦስት መቶ እንኳ በቅጡ አልሞላም። «ቀጭን ይሁን፣ ቀጭን ኃጢአት አይደለም» አሏት። እሳቸውም ባርኔጣቸውን ይዘው አብረው ተነሱ፤ ሂዋ ልትመጣ እሳቸው ቤት ሊቀመጡ ነው እንዴ?

ሦስቱ በኤማሊያ ፒካፕ ውስጥ የፊት ወንበር ላይ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ለነገ የተሠራው የአሥራ አራቱ ሌይ ሳጥንም ከእግራቸው ሥር ተቀመጠ፤ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ የምትኖር አንዲት ዘመድ ማቀዝቀዣዋ ውስጥ ታሳድርላቸዋለች። መንገዱ ከባሕሩ ጋር ይጠማዘዛል፣ ኤማሊያ ትነዳለች፣ ኖሄአ ትሰካለች፣ በመካከል ቶሺን መርፌ ይወጋቸዋል።

«ወይኔ! ልጄ፣ እኔ አበባ አይደለሁም!»

«ይቅርታ አጎቴ። ኤማሊያ፣ ቀስ በዪ! አይ፣ ፍጠኚ! ስንት ሰዓት ነው?»

«ወይ ቀስ ልበል ወይ ልፍጠን፣ አንዱን ምረጪ!»

ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ደረሱ። ሌዩም አለቀ። ኖሄአ የክሩን ሁለት ጫፎች በሁለት እጇ እንደ እባብ ራስ አርቃ ይዛ፣ እንዳይነካኩባት እየተጠነቀቀች ወረደች። እርጥብ ቅጠል ውስጥ ጠቀለለችው። ልጅቷን ለማየት ግማሽ ሰዓት ቀራት።

ግን ነፋስ ተነሳ። ቆጣሪው ጀርባ ያለችው ወጣት አውሮፕላኑ እንደሚዘገይ ተናገረች። ኖሄአ ሄዳ ጠየቀቻት፤ ተመለሰች፤ ደግሞ ሄደች። በአራተኛው ልጅቷ «አክስቴ፣ ነፋሱን እኮ እኔ አላዘዝኩትም» አለቻት። ኖሄአ ቅጠሉን ገለጥ አድርጋ አየች። የአበባው ጠርዝ መኮማተር ጀምሯል። ውሃ ረጨችበት። ከጥላው ወደ ጥላው ተዘዋወረች። ሰባት ሰዓት ተኩል ሆነ።

በሩ አካባቢ ዘመድ የሚጠብቁ ስምንት ሴቶች ቆመዋል። ሁሉም ያውቋታል። «ሂዋን ነው?» ይሏታል፣ «አዎ» ትላለች፣ ከዚያ ዓይናቸው ወደ ጥቅልሉ ይሄዳል። ኤማሊያ እውነቷን ነው፤ ቅጠሉ በተፈታ ቅጽበት ሁሉም ያውቃል። ሂዋም መታወቁን ታውቃለች፣ ፊቷ ይቀላል፣ በመጣችበት አውሮፕላን ትመለሳለች።

የሆዷ ነገር ያን ጊዜ ነው ገንፍሎ የመጣባት። ከሦስት ዓመት በፊት፣ እዚሁ በር ላይ፣ ኖሄአ አውቃ ነበር። አዎ፣ አውቃ ነበር! ሂዋ ለሙት ዓመቱ በሰነበተችበት ሦስት ቀን ዓሣውን ስትገፋ፣ ቡናውን ስትሸሽ፣ እጇ ሳታውቀው ወደ ሆዷ ሲሄድ አይታለች። እናት ይህን ሳታይ ምኗን እናት ሆነች! ትነግረኛለች ብላ ጠበቀች። አልነገረቻትም። በመጨረሻው ቀን ቂም ያዛት። ሌዩን ሆን ብላ ቋጠረችው፣ ሆን ብላ ዓይኗ እያየ አጠበቀችው። ክፉ ተመኝታ አይደለም፣ አፏ ይቃጠል! «እማ፣ አትቋጥሪው» ብትል ብላ ነው። አንዲት ቃል ከልጇ አፍ ለማውጣት። ሂዋ ግን ዓይን ዓይኗን አይታት አንገቷን ዝቅ አድርጋ ተቀበለች። መንደሩ «በምን ትወቅ?» ሲል ኖሄአ አፏን የዘጋችው ለዚህ ነው።

ኖሄአ ድንገት ወደ ፒካፑ ሮጠች። ሳጥኑን ጎትታ አወጣች፣ መቀስ ከቦርሳዋ አወጣች፣ የመጀመሪያውን ሌይ ቋጠሮውን ቀጭ አደረገችው።

«አበደች!» አለች ኤማሊያ። «የነገው ነው! ጧት ሙሉ የሠራሁት ነው!»

«ነገ እንደገና ትቋጥሪዋለሽ።» ቀጭ። «ይሄን አድርጊ።»

«ምኑን ነው የማደርገው?»

«አንገትሽ ላይ! ክፍቱን! አጎቴ ቶሺ፣ እርስዎም ይምጡ።» ቀጭ። ቀጭ።

አሥራ አራቱንም በጠሰቻቸው። ለሴቶቹ አደለች፣ ሻንጣ ለሚያወርደው ጎረምሳ አደረገችለት፣ ቆጣሪው ጀርባ ላለችው ልጅ ሄዳ ትከሻዋ ላይ ጣለችላት። እዚያ አገር የተሰጠ ሌይ እምቢ አይባልም። ሰዎቹ ግራ ተጋብተው እየተያዩ ተቀበሉ፣ ጉንጯን ሳሙ፣ የአበባውን ሁለት ጫፍ ደረታቸው ላይ አንጠልጥለው ቆሙ። ሁለት ብቻ ሳጥኑ ውስጥ ቀረ።

ኤማሊያ ዞር ብላ ሕዝቡን አየች፣ ከዚያ እህቷን አየች፣ ነገሩ ገባት። «አንቺ ጉደኛ» አለች በለሆሳስ፣ ዓይኗንም ጠረገች።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ዘጠኝ ሰው የምትይዘው አውሮፕላን እየተንገዳገደች አረፈች። ሂዋ አምስተኛ ሆና ወረደች። ሰፊ ቀሚስ ለብሳለች፣ ሆዷ ምንም አይታወቅም። ከስታለች። ኖሄአ አጥሩን ያዘች።

ሂዋ በሩን አልፋ ሁለት እርምጃ እንደ ሄደች ቆመች። አክስቷን አየች፤ ክፍት። ሴቶቹን አየች፤ ክፍት። ሻንጣ የሚጎትተውን ጎረምሳ አየች። በመጨረሻ ዓይኗ ሽማግሌው ላይ አረፈ።

«እማ» አለች፣ «አጎቴ ቶሺም አርግዘዋል እንዴ?»

«መንታ ነው» አሉ ቶሺ ሆዳቸውን ዳበስ እያደረጉ፣ «ግን ለማንም አትንገሪብኝ።»

አካባቢው በሳቅ ፈረሰ። ሂዋም ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሐል ላይ ተሰበረና አፏን በእጇ ያዘች። ኖሄአ አልሳቀችም። ቅጠሉን ፈታች። ቀጭኑ ኢሊማ ጠርዝ ጠርዙ ተጨማድዶ፣ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ ግን በሕይወት አለ። ጫፎቹን አራርቃ የልጇ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችላትና ጉንጯን ሳመቻት። «አያስፈልግም ብለሽ ነበር፤ አልቻልኩም» አለች።

ሂዋ ደረቷ ላይ የተንጠለጠለውን ጫፍ ጎንበስ ብላ አየችው። ከዚያ አንዷን አበባ ከክሩ ቀስ አድርጋ ሳበች፣ አፏ ውስጥ ጨመረች፣ እናቷን እያየች አኘከቻት።

ኖሄአ ገባት። ልጇን ክንዷን ይዛ ከሰው ራቅ አድርጋ ወደ ፒካፑ ጥላ ወሰደቻት። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ግን ሦስት ዓመት የደበቀችው ነገር አላስቆማትም።

«ሂዋ፣ ስሚኝ። ያን ጊዜ…»

«እማ፣ ያን ጊዜ የተናገርኩትን እርሺው። ለአንድ ሰው መናገር ነበረብኝ፣ አንቺ ላይ ወደቀ።»

«አይደለም! ስሚኝ እንጂ! አውቄ ነበር። አርግዘሽ እንደነበር አውቄ ነው የቋጠርኩት። ስላልነገርሽኝ ተቀይሜ፣ ‹አትቋጥሪው› ትለኛለች ብዬ፣ አፍሽን ላስከፍት ብዬ ነው። ሰዉ ሁሉ ሲወቅስሽ ዝም አልኩ። ሦስት ዓመት ዝም አልኩ!»

ሂዋ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች። ነፋሱ የሌዩን ጫፎች ያወዛውዛቸዋል። ኖሄአ ጠበቀች። መጠበቅ በሕይወቷ አታውቅም፤ ያን ጊዜ ግን እጇን እንኳ አላንቀሳቀሰችም።

«አውቅ ነበር» አለች ሂዋ በመጨረሻ። «እንዳወቅሽ ገብቶኝ ነበር። ስትቋጥሪው እኮ ዓይን ዓይኔን ነበር የምታዪው። ትፈታዋለች ብዬ ጠበቅኩ፤ እኔ አልለምናትም፣ ራሷ ትፍታው ብዬ። አንቺም ጠበቅሽ፣ እኔም ጠበቅኩ።»

«ምነው ብትናገሪ!»

«ምነው ብትፈቺው!»

ሁለቱም እኩል ጮኹ። ኤማሊያ ከሩቅ ሆና «ተጣሉ እንዴ?» ስትል ቶሺ «እናትና ልጅ ሲጣሉ ሞኝ እውነት ይመስለዋል፤ አንቺ መኪናሽን አስነሺ» ሲሏት ይሰማል።

ሂዋ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። ሳጥኑ ውስጥ ከቀሩት ሁለት ሌዮች አንዱን አነሳች። ሁለቱን ጫፎች አገናኘች። አንድ ቋጠሮ፣ ሁለት፣ ሦስት። በልጅነቷ በዚያ በረንዳ ላይ ከእናቷ የተማረችው አቋጣጠር ነው።

«ለማን ነው?» አለች ኖሄአ።

«አንቺ እንኳ አላረገዝሽም አይደል? ዝቅ በይ።»

«ሂዋ፣ እኔ እኮ ከዚያ ወዲህ አላጠልቅም…»

«የተሰጠሽን እምቢ ልትዪ ነው?»

ኖሄአ አንገቷን ዝቅ አደረገች። ሂዋ አጠለቀችላት፣ ከፀጉሯ ሥር አስተካከለችላት፣ ጉንጯን ሳመችና እጆቿን ትከሻዋ ላይ አቆየቻቸው።

«ሦስተኛ ወር ይዣለሁ። ለገና ሰሞን ነው የተባልኩት። ፈርቻለሁ፣ በጣም ፈርቻለሁ እማ። በይ ነግሬሻለሁ። ካሁን በኋላ አውቄ ዝም አልኩ ብሎ ነገር የለም፣ ካንቺም ከእኔም።»

«የለም» አለች ኖሄአ። «የለም ልጄ።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ኖሄአ መስኮቱ በኩል ተቀምጣ ነበር። ከመቶ ጊዜ በላይ ኤማሊያን «ቀስ በዪ፣ ጉድጓዱን ተጠንቀቂ፣ ልጅ ይዘናል» አለቻት። እንግዲህ እስከ ገና ማን ዕረፍት ያገኛል! በማግሥቱ በድግሱ ላይ ሰው ያጠለቀላትን ሌይ ሁሉ እንደ ልማዷ ወስዳ ባሏ ፎቶ ላይ ሰቀለችው። ሂዋ የቋጠረችውን ፕሉሜሪያ ግን አላወለቀችውም። ቡናማ ሆኖ፣ ደርቆ፣ ቅጠል ቅጠሉ እስኪረግፍ አንገቷ ላይ ነበር፤ ክሩን ብቻ ይዛ ስትዞር ኤማሊያ ሳቀችባት።